ማኅተሙ ሳይጠፋ፦ 14-3-3 ከራፍ-1 ጋር መያያዙን በቤተ ሙከራ የማረጋገጫ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በጥቁር አንበሳ ዙሪያ በሚገኙ ቤተ ሙከራዎች በሕዋስ የምልክት ቅብብል ላይ የመመረቂያ ጥናታቸውን ለሚሠሩ ተማሪዎች ነው። የሚያሳየውም አንድ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ከአጋሩ ጋር በእርግጥ መያያዙንና መያያዙ በምን ላይ እንደቆመ በራስ እጅ ሠርቶ ማረጋገጥን ነው። ለምሳሌነት የመረጥኳቸው 14-3-3 የተባለው የተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ቤተሰብና ራፍ-1 የተባለው ካይኔዝ፣ ማለትም በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚያትም ኤንዛይም፣ ሲሆኑ፣ ዘዴው ኮ-ኢሚውኖፕሪሲፒቴሽን ነው፤ ይኸውም አንዱን ፕሮቲን በአንቲቦዲ አጥምዶ አብሮት የወጣው ማን እንደሆነ መፈተሽ ማለት ነው። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ከባዱ የተገኘው ባንድ (ፕሮቲኑ መኖሩን የሚያሳየው ጭረት) የሚናገረውን ከማይናገረው መለየት ስለሆነ፣ ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለዚያ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ማወቅ የሚገባዎ

14-3-3 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሙርና በፔሬዝ ሲሆን፣ የተገኘው ከከብት አንጎል ነው። እንግዳ የሚመስለው ስሙም በክሮማቶግራፊ ከወጣበት ክፍልፋይ ቁጥርና በኤሌክትሮፎሬሲስ ጄል ላይ ከቆመበት ቦታ የተወሰደ ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ ሰባት ዓይነት 14-3-3 አለ። እያንዳንዱ 28 ኪሎ ዳልተን ገደማ ይመዝናል፤ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሁለት ሁለት ሆኖ ይጣመራል፤ ጥምሩም ሁለት ጎድጓዳ ማረፊያዎች ይኖሩታል። በእነዚህ ማረፊያዎች የሚቀመጠው ፎስፌት የታተመበት ሴሪን ወይም ትሬኦኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ያለው የአጋር ፕሮቲን ቁራጭ ነው። ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት መስኮት እንደማይስተናገድ ሁሉ፣ ፎስፌት የሌለበት ሴሪንም በአብዛኛው ወደ ማረፊያው አይገባም።

ራፍ-1 ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ዋና ማኅተሞች አሉ፤ አንዱ በሴሪን 259፣ ሌላው በሴሪን 621 (ቁጥሩ ሴሪኑ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ ያለበትን ቦታ ያመለክታል)። ሁለቱም ፎስፌት ሲይዙ፣ የነጠላ ሁለት ጫፍ በአንድ ቋጠሮ እንደሚታሰር፣ የ14-3-3 ጥምር ሁለቱን የራፍ-1 ዳርቻዎች ይዞ ካይኔዙን ዝግ ያደርገዋል። የዕድገት ምልክት ሲመጣ ራስ የተባለው ፕሮቲን ራፍ-1ን ወደ ሕዋሱ ሽፋን ይስበዋል፤ ሾክ-2ን፣ ኤምራስንና ፕሮቲን ፎስፋቴዝ-1ን የያዘ ስብስብም የ259ኙን ማኅተም ያነሣል፤ ራፍ-1 ይከፈታል። የ621 ማኅተም ግን ይቆያል፤ በዚያ የተያዘው 14-3-3 አሁን ሁለት የራፍ ሞለኪውሎች ተጣምረው እንዲሠሩ ያግዛል። አንዱ ተቆጣጣሪ እንደ ማኅተሙ ቦታ ዘጊም አጋዥም ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሳይረዱ የሚሠራ ሙከራ ውጤቱ ሲመጣ ግራ ያጋባል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንደታተሙት ጥናቶች፣ በሴሪን 259 ዙሪያ የሚገኙ የራፍ-1 የዘር ለውጦች 14-3-3 እንዳይይዝ በማድረግ ኑናን ሲንድረም የተባለውን በሽታ ያስከትላሉ፤ ከነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ የልብ ጡንቻ መወፈር ይታይባቸዋል። አንድ ማኅተም ሲጎድል የልብ ቅርጽ ይለወጣል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውንና ዲሾቹን በወረቀት ላይ ይወስኑ

ፒፔት ከመያዝዎ በፊት የሚጠይቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «14-3-3 ከራፍ-1 ጋር ይያያዛልን?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከታወቀ ቆይቷል። «በእነዚህ ሕዋሶች ውስጥ የሚገኘው መያያዝ በፎስፌት ላይ የቆመ ነውን? ሕዋሱ ምልክት ሲደርሰውስ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» የሚለው ግን የሚሠራበት ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከሰው ኩላሊት የመጡትን ሄክ-293 ሕዋሶች በ10 ሴንቲ ሜትር ዲሾች ያሳድጉና ሌሊቱን ያለ ሴረም ያሳድሯቸው። በማግስቱ አንዱን ዲሽ ፎርስኮሊን የሚሟሟበትን ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦን፣ ብቻ ሰጥተው ይተዉት፤ ለሁለተኛው 20 ማይክሮ ሞላር ፎርስኮሊን ለ30 ደቂቃ ይስጡ፤ ለሦስተኛው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ናኖ ግራም ኢጂኤፍ ለ5 ደቂቃ ይስጡ። ፎርስኮሊን ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የሕዋስ መልእክተኛ ከፍ በማድረግ ፕሮቲን ካይኔዝ «ኤ» የተባለውን ኤንዛይም ያነቃል፤ ይህም ካይኔዝ ሴሪን 259ን ያትማል። ኢጂኤፍ በተቃራኒው የዕድገት ምልክቱን ያስነሣል። አራተኛ ዲሽ ለፎስፋቴዝ ፈተና ይያዙ፤ ስለ እሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ደረጃ 2፦ ሕዋሶቹን ለከፍታችን በሚስማማ አየር ያሳድጉ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ኢንኩቤተሩ በመቶኛ 5 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያሳይ፣ ወደ ሚዲየሙ (ሕዋሶቹ ወደሚያድጉበት ፈሳሽ) የሚገባው የጋዝ ግፊት መመሪያ መጻሕፍት ከሚያስቡት ያነሰ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ሚዲየሙ ከሚገባው በላይ አልካላይ ይሆናል። ሚዲየሙ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ ካዩ ሕዋሶቹን አይውቀሱ። መጠኑን ወደ 6.5 በመቶ ገደማ ከፍ ያድርጉና አንድ ሌሊት ያደረ ሚዲየም ፒኤች ለክተው ያረጋግጡ። የተጨነቀ ሕዋስ የምልክት ቅብብሉ የተዛባ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ የሚለኩት ሁሉ በዚህች ማስተካከያ ላይ ይቆማል።

ደረጃ 3፦ ማኅተሙን የሚጠብቅ ባፈር ያዘጋጁ

ሕዋሱ በተሰበረበት ቅጽበት፣ በየክፍላቸው ተለይተው ይኖሩ የነበሩ ፎስፋቴዞች ሁሉ ይቀላቀላሉ፤ ፎስፌቱንም መንቀል ይጀምራሉ። የዚህ ሙከራ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው።

የመፍቻ ባፈሩ፣ ማለትም ሕዋሱን የሚያፈርሰውና ፒኤቹን የሚጠብቀው ፈሳሽ፣ 50 ሚሊ ሞላር ትሪስ፣ 150 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 10 በመቶ ግሊሰሮልና 0.5 በመቶ ኖኒዴት ፒ-40 ይይዛል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች በእጃቸው የሚገኘውን ሪፓ ባፈር ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን ለዚህ ሥራ አልመክረውም፤ በውስጡ ያሉት ኤስዲኤስና ዲኦክሲኮሌት የተባሉ ጠንካራ ዲተርጀንቶች (ሳሙና መሰል ኬሚካሎች) ሊያጠምዱት የሚፈልጉትን መያያዝ ሊበጥሱት ይችላሉና። የትሪስ ፒኤች በሙቀት የሚለዋወጥ መሆኑንም አይርሱ፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 7.5 ሆኖ የተስተካከለ ባፈር በ4 ዲግሪ ወደ 8.1 ይጠጋል፤ ስለዚህ ፒኤቹን ባፈሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ያስተካክሉ።

በዚህ ላይ፣ በሚሠሩበት ዕለት፣ 50 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ፣ 10 ሚሊ ሞላር ቤታ ግሊሰሮፎስፌትና 1 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ኦርቶቫናዴት ይጨምሩ። ለእኛ ማኅተሞች፣ ማለትም ለሴሪኖቹ፣ ዋናዎቹ ጠባቂዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ቫናዴት የሚጠብቀው የታይሮሲን ፎስፌትን ሲሆን፣ እሱም የሚያስፈልገው በኢጂኤፍ የተነሣው ምልክት ሁሉ እንደነበረ እንዲቆይ ነው። ቫናዴት እንደተገዛ አይሠራም፤ ፒኤቹን 10 አድርገው፣ ቢጫው ቀለም እስኪጠፋ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ፒኤቹን እንደገና አስተካክለው፣ ቀለም አልባ ሆኖ እስኪጸና ድረስ ይደጋግሙት። ኢዲቲኤ ቫናዴትን ስለሚይዝበት ሁለቱን በአንድ ባፈር አያገናኙ። ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይሞችን የሚከለክለው ፒኤምኤስኤፍ በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ በአይሶፕሮፓኖል አሟሟተው ሊጠቀሙ ሲሉ ብቻ ይጨምሩ፤ መርዛማ ስለሆነም ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት።

ደረጃ 4፦ ሕዋሶቹን ያፍርሱ

ዲሹን በረዶ ላይ ያስቀምጡ። በረዶ የሚሠራ ማሽን ከሌለ፣ ዋዜማውን የቀዘቀዙ የበረዶ ከረጢቶችን ውሃ በተሞላ ሰፊ ሳህን ውስጥ አጋድመው ዲሹን በላያቸው ያኑሩ። ሚዲየሙን አስወግደው ፒቢኤስ በተባለው ቀዝቃዛ የጨው ፈሳሽ ሁለቴ ያጥቡ፤ ሄክ-293 ሕዋሶች በቀላሉ ስለሚላቀቁ ፈሳሹን በሕዋሶቹ ላይ ሳይሆን በዲሹ ግድግዳ በኩል በዝግታ ያፍስሱት። ትሪፕሲን አይጠቀሙ፤ ሕዋሱን እያሞቁ በሚያላቅቁበት ጊዜ ምልክቱ ይለወጣልና። ለእያንዳንዱ ዲሽ 600 ማይክሮ ሊትር ባፈር ጨምረው በመፋቂያ ይሰብስቡና፣ 20 ደቂቃ በረዶ ላይ አቆይተው በ4 ዲግሪ በ14,000 ጂ (የምድር ስበት እጥፍ) ለ15 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ ያሽከርክሩ። በማሽኑ መስኮት ላይ የሚታየው የዙር ብዛት ከጂ ጋር አንድ አይደለም፤ እንደ ሮተሩ ስፋት ያስሉት።

የጠራውን ፈሳሽ ወስደው የፕሮቲኑን መጠን በቢሲኤ ዘዴ ይለኩ፤ የብራድፎርድ ዘዴ በዲተርጀንት ይዛባል። ከእያንዳንዱ ዲሽ እኩል አንድ ሚሊ ግራም ለማጥመጃ ይውሰዱ፤ 20 ማይክሮ ግራም ደግሞ ለብቻ ያስቀምጡ፤ ይህ የመነሻው 2 በመቶ ስለሆነ ከተጠመደው ጋር የሚያነጻጽሩበት መሠረት ነው።

ደረጃ 5፦ የፎስፋቴዝ ፈተናውን አሁን ያስገቡ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ ያለ እሱ ግን ስለ ማኅተሙ የሚናገሩት ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል። አራተኛውን ዲሽ ፎስፋቴዝ ከልካዮቹ በሌሉበት ባፈር ያፍርሱና ፈሳሹን ለሁለት ይክፈሉ። በአንደኛው ቲዩብ ላምዳ ፎስፋቴዝና 1 ሚሊ ሞላር ማንጋኒዝ ክሎራይድ ይጨምሩ። በሁለተኛው ላይ ማንጋኒዙን ጨምረው በኤንዛይሙ ፋንታ ከልካዮቹን ያስገቡ። ከዚያ ሁለቱንም ቲዩቦች አብረው በ30 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያቆዩ። ሁለተኛው ቲዩብ በረዶ ላይ ከቀረ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ ልዩነት ቢታይ ከፎስፌቱ መነቀል ይሁን ከሙቀቱ ሊያውቁ አይችሉምና። ራፍ-1 ከልካዩ ባለበት ቲዩብ ከ14-3-3 ጋር ወጥቶ ኤንዛይሙ ባለበት ከጠፋ፣ መያያዙ በማኅተም ላይ የቆመ መሆኑን በእጅዎ አረጋገጡ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ያጥምዱ

የትኛውን ወገን ማጥመድ እንደሚሻል ማሰብ ይገባል። አንቲቦዲው ሲፈላ ወደ 50 እና ወደ 25 ኪሎ ዳልተን ክፍሎች ይከፈላል። ራፍ-1 74 ኪሎ ዳልተን ገደማ ስለሆነ ከሁለቱም ይርቃል፤ 14-3-3 ግን 28 ላይ ስለሆነ ከቀላሉ የአንቲቦዲ ሰንሰለት አጠገብ ይቆማል፤ ሊሸፈንም ይችላል። ስለዚህ በ14-3-3 አንቲቦዲ አጥምዶ ራፍ-1ን በሜምብሬን (ፕሮቲኖቹ ከጄሉ በሚዛወሩበት ስስ ንጣፍ) ላይ መፈለግ ንጹሑ መንገድ ነው። 14-3-3 ራሱ መጠመዱን ለማሳየት ደግሞ የማጥመጃው አንቲቦዲ ከአይጥ፣ የመፈለጊያው ከጥንቸል የተዘጋጀ ይሁን፤ ሁለተኛው አንቲቦዲም (የመፈለጊያውን አንቲቦዲ ይዞ እንዲታይ የሚያደርገው) የአይጥን የማይለይ መሆኑን ከሳጥኑ ላይ ያንብቡ። የማጥመጃው አንቲቦዲ የሚይዘው ክፍል በ14-3-3 ማረፊያ ውስጥ ከሆነ አጋሩን አስለቅቆ ይቀመጣል፤ ባዶ ውጤት ከማመንዎ በፊት በሌላ አንቲቦዲ ይሞክሩ።

ፈሳሹን አስቀድመው ፕሮቲን ጂ ከለበሱ ጥቃቅን ዶቃዎች፣ በተለምዶ ቢድስ ከምንላቸው፣ ጋር ለ30 ደቂቃ አዙረው በከንቱ የሚጣበቀውን ያስወግዱ። ከዚያ 2 ማይክሮ ግራም አንቲቦዲ ጨምረው በ4 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያዙሩ፤ 25 ማይክሮ ሊትር ቢድስ ጨምረው ለአንድ ሰዓት ይቀጥሉ። ከዚህ ጎን ለጎን፣ ከዚያው ፈሳሽ እኩል ወስደው፣ ከተመሳሳይ እንስሳና በተመሳሳይ መጠን በማይዛመድ አይጂጂ (14-3-3ን በማይለይ አንቲቦዲ) ሌላ ቲዩብ ያጥምዱ።

መጻሕፍቱ ሌሊቱን ማዞር ይቻላል ይላሉ። እኔ ሁለት ሰዓቱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። አንድ ክረምት ናሙናዎቼን አዙሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ማዞሪያው ቆመ፤ ማቀዝቀዣውም ሞቀ። ጠዋት መብራቱ ተመልሶ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይመስል ስለነበር ሥራውን ቀጠልኩ፤ ከሜምብሬኑ ላይ ራፍ-1 ስላጣሁም መያያዝ የለም ብዬ መዘገብኩ፤ ስሕተቱን ያገኘሁት ወር ቆይቶ ሙከራውን ስደግም ነው። ስለዚህ ሥራዎን ጠዋት ጀምረው በዚያው ቀን ይጨርሱ፤ ሌሊት ማዞር ግድ ከሆነ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ከቲዩቦቹ ጋር ያስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ይጠቡ

ቢድሱን በቀዝቃዛ የመፍቻ ባፈር አራት ጊዜ ያጥቡ፤ በሦስተኛው እጥበት ወደ አዲስ ቲዩብ ያዛውሩ፤ በቲዩቡ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ፕሮቲን አብሮ ይወጣልና።

ደረጃ 8፦ ያፍሉ፣ ጄል ላይ ይለዩ

ብዙ መመሪያዎች ናሙናውን በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ያሙቁ ይላሉ። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የውሃ መታጠቢያው ቁጥር ምንም ቢል ከዚያ አይዘልም። ደረቅ የብረት ማሞቂያ ካለዎት በ95 ይጠቀሙ፤ ከሌለ በፈላ ውሃ ለ10 ደቂቃ ያቆዩ፤ የቲዩቡ ክዳንም እንዳይፈነጠር ይጠብቁ። በ12 በመቶ ጄል ላይ፣ 25 እና 28 ኪሎ ዳልተን በደንብ እስኪለያዩ ድረስ ረዘም አድርገው ያስኪዱ።

ሜምብሬኑን በፎስፎ ሴሪን 259 አንቲቦዲ የሚፈትሹ ከሆነ የሜምብሬኑን ባዶ ቦታ በወተት አይሸፍኑ፤ በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን ራሱ ፎስፌት የያዘ ፕሮቲን ስለሆነ የጀርባውን ጥቁረት ሊጨምር ይችላል። 5 በመቶ ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) ይጠቀሙ። አንቲቦዲዎች ተገዝተው እስኪመጡ ወራት ስለሚወስዱ፣ በደረሱበት ቀን በጥቃቅን መጠን ከፋፍለው ያቀዝቅዙ፤ በ4 ዲግሪ እንዲቆይ የታዘዘውን ግን በፍጹም አያቀዝቅዙት።

ደረጃ 9፦ ያንብቡ

መጀመሪያ የሚያዩት ራፍ-1ን አይደለም። በመነሻው መስመር (ለብቻ ባስቀመጡት 20 ማይክሮ ግራም) ሁሉም ዲሾች እኩል ራፍ-1ና 14-3-3 አላቸውን? 14-3-3 በእያንዳንዱ ቲዩብ እኩል ተጠምዷልን? የአይጂጂው መስመር ባዶ ነውን? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስለ መያያዝ ምንም አይበሉ፤ ይድገሙት።

ሦስቱ ከተሟሉ፣ ፎርስኮሊን ባገኘው ዲሽ ከ14-3-3 ጋር የወጣው ራፍ-1 እንዲጨምር፣ የፎስፎ ሴሪን 259 ባንድም አብሮ እንዲጎላ ይጠበቃል፤ ሆኖም ሴረም ባጡ ሕዋሶች ውስጥ 259 ቀድሞውንም በብዛት የታተመ ስለሆነ ጭማሪው መጠነኛ ሊሆን ይችላል። ኢጂኤፍ ባገኘው ዲሽ ደግሞ ብዙ ተማሪዎች ራፍ-1 ሙሉ በሙሉ እንዲላቀቅ ይጠብቁና ባንዱን ሲያዩ ሙከራው የከሸፈ ይመስላቸዋል። አልከሸፈም። የ621 ማኅተም እዚያው አለ፤ 14-3-3ም በእሱ ይዞ ይቀጥላል። ለውጡ የሚነበበው ከመያያዙ ብዛት ይልቅ ከፎስፎ ሴሪን 259 ባንድ ነው።

ማኅተሞቹን ለይተው ማየት ከፈለጉ ሴሪኑ ወደ አላኒን የተቀየረበት ራፍ-1 በፕላዝሚድ (ጂን በሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) ወደ ሕዋሶቹ ያስገቡ። የ621 ለውጥ ራፍ-1 ቶሎ እንዲፈርስ ስለሚያደርገው፣ አብሮ የወጣው ያነሰው መያያዙ ስለጠፋ ነው ከማለትዎ በፊት በመነሻው መስመር ያለውን መጠን ይመልከቱ። በ14-3-3 ወገን ደግሞ በማረፊያው ውስጥ የሚገኘው ላይሲን 49 ወደ ግሉታሜት የተቀየረበት ቅጂ ፎስፌቱን መያዝ ስለማይችል ጥሩ ምስክር ነው። በፕላዝሚድ የገባ ፕሮቲን ሲበዛ በተፈጥሮ መጠኑ የማይገናኘውን ሁሉ ሊያገናኝ ስለሚችል ዲኤንኤውን ይቀንሱ።

የባንዶቹን ጥንካሬ በቁጥር ሲለኩ፣ የወጣውን ራፍ-1 ለተጠመደው 14-3-3 ያካፍሉ፤ እስከ ጥግ የጠቆረ ባንድ አይለኩ፤ በሦስት የተለያዩ ቀናት ከተዘሩ ዲሾች የተገኙ ሦስት ውጤቶችም ይኑርዎት። ከአንድ ዲሽ የተወሰዱ ሦስት መስመሮች አንድ ሙከራ ናቸው።

በመጨረሻም በጽሑፍዎ ውስጥ «ቀጥታ ይያያዛሉ» የሚለውን ቃል በዚህ ዘዴ ብቻ ተመሥርተው አይጻፉ። ራፍ-1 በሕዋስ ውስጥ ኤችኤስፒ-90 ከተባለው ፕሮቲንና ከሌሎችም ጋር አብሮ ስለሚኖር፣ ሁለቱን ያገናኘው ሦስተኛ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ በሕዋሱ ውስጥ ተለያይተው የነበሩም በቲዩቡ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ቀጥታ መሆኑን ለማሳየት የነጠረ 14-3-3 ወስደው፣ ሴሪን 259ን ከፎስፌቱ ጋር በያዘ አጭር ፔፕታይድ ላይ ይፈትኑት፤ ያው ፔፕታይድ ያለ ፎስፌት ተሠርቶ ጎን ለጎን ይቀመጥ። የተረፈውን የጠራ ፈሳሽ በጥቃቅን መጠን ከፋፍለው፣ ቀኑንና የዲሹን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ጽፈው፣ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያኑሩ፤ አንዴ የቀለጠውን ለማጥመጃ እንደገና አያቀዝቅዙት።